የቅዳሜ ጉብታ

እኔ ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለፊርማ ብቻ ነው። ለቀበሌ የራሽን ካርዴ ጠፋ ብዬ ማመልከቻ ሳስገባ እንኳን እኔ እየነገርኩት ጸሐፊው ነው የጻፈልኝ። አሁን የልጅ ልጄ ጨርሳ የጣለችውን ደብተር አንስቼ ባዶ ቅጠሎቹ ላይ ይህን የምጽፈው፣ ባለፈው ሳምንት አዳማ መነኸሪያው አጠገብ ፓፓያ ስመርጥ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ስለ ጠራኝ ነው።

«አንቺ! ሙሉ አይደለሽም? የሻዩ ሙሉ!»

ዞር አልኩ። መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ ፀጉሯ ነጭ ሆኖ አጭር ተቆርጧል፤ ጫማዋ ሲረግጡት ድምፅ የማይሰማ ለስላሳ ቆዳ ነው። ጽጌ ናት። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ በመጀመሪያ ያየሁት ጫማዋን መሆኑ ራሴን አሳፍሮኛል። አገላብጣ ሳመችኝ። «አላረጀሽም እኮ! ምን እየበላሽ ነው?» አለችኝ። «ፓፓያ» አልኳት። ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ያው የድሮው ነው፤ አላፊ አግዳሚው ዞሮ ያያል። ጡረታ ወጥታ አዲስ አበባ እንደምትኖር፣ ወደ ሶደሬ ከልጆቿ ጋር ለእረፍት ስትሄድ መኪናው ጎማ ተንፍሶበት እዚህ እንደ ቆሙ ነገረችኝ። ከዚያም ክንዴን ይዛ፣ «አባትሽ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያን ጊዜ እንጀራዬን ሊዘጉብኝ ነበር እኮ! አሁን ቂም የለኝም። ሽማግሌ ነበሩ፤ ቢናፍቃቸው ነው። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ከሆዴ አልወጣልኝም ነበር» አለችኝ።

ሁለት ቃል ነበር የሚበቃው። «እሱ አይደለም» ማለት። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ልጆችሽን ሳሚልኝ» የሚል ሆነ። በባጃጅ ወደ ቤቴ ስመለስ ፓፓያውን እንዴት አድርጌ ጨምቄው እንደ ነበር አላውቅም፣ ቀሚሴ ላይ ፈርጦ አገኘሁት። በቃሌ ያልወጣልኝን በጽሑፍ ይወጣልኝ እንደሆነ ልሞክር።

ያን ጊዜ ከተማዋን ናዝሬት ነበር የምንላት። ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበረም። ከባቡር ጣቢያው እስከ ገበያው ጋሪ ነው፤ ፈረሶቹ ግንባራቸው ላይ ቀይ ጥለት ታስሮላቸው፣ ለአንድ ሰው አሥር ሳንቲም፣ ዕቃ ካለ አሥራ አምስት። ባቡሩ ሲቆም ሴቶች ብርቱካንና ሎሚ በሰፌድ ይዘው ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። እሁድ እሁድ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሰዎች ወደ ሶደሬ ይወርዳሉ። ከሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ የሚለቀቀው ዘፈን የመንገዱን ሰው እግር ያስተካክለዋል፤ ያ ዘፈን ሲያልቅ የሰልፍ መዝሙር ይተካል፤ እኛ ሁለቱንም በቃላችን እናውቀዋለን። ወጣቱ ቤልቦተም ሱሪ ለብሶ አስፋልቱን ይጠርጋል። እኔ ግን ያደግሁት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በደራ መንገድ መልካሳን እንዳለፉ ከአውቶቡስ ወርደው ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ሲሄዱ አንድ ነጭ ኮረብታ አለ። ኦሮሞዎቹ ጋራ አዲ ይሉታል፤ ነጭ ጋራ ማለት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ጤፍ የተነፋበት ይመስላል።

አባቴ አቶ ደስታ ከምንጃር በልጅነቱ መጥቶ እዚያ ኮረብታ ውስጥ ነው ያረጀው። አንድ የውጭ ሰው ነጩን አፈር እያስቆፈረ ለቀለምና ለማጣሪያ ይሸጥ ነበር። ቆፋሪዎቹ ኮረብታውን እንደ አይጥ ቦርቡረውት ዋሻው ወደ ውስጥ ብዙ ይሄዳል። ሴት ወደ ዋሻው አትገባም፤ ሴት የገባችበት ጉድጓድ ይቆጣል ይባላል። ስለዚህ የቆፋሪ ሴት ልጆች ምሳ የምናደርሰው ከላይ በኩል ነበር። የኮረብታው ጀርባ ላይ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፤ «አፍንጫ» ይሉታል። አገልግሉን በገመድ አስረን ቀስ እያልን ወደ ጨለማው እናወርዳለን። የደረሰው ሰው በመዶሻ ሦስት ጊዜ ግድግዳውን ይመታል፤ ያኔ ገመዱን ለቀቅ እናደርጋለን። የአባቴን አመታት ከሌላው እለየው ነበር። እሱ ሁለቱን ፈጠን አድርጎ ሦስተኛውን ያዘገያል። የጽጌ አባት ከአባቴ ጋር አንድ ጉድጓድ የሚቆፍር ስለ ነበር እሷም አጠገቤ ቆማ የራሷን ገመድ ታወርዳለች። እኔ በዝምታ፣ እሷ ግን አፍንጫው ውስጥ እየጮኸች፦ «አባዬ! ዛሬ ሽሮ ነው! አትቆጣ!» ከታች የወንዶቹ ሳቅ ተሰብስቦ ይወጣል። አባቴም ይስቃል። እኔ አባቴን አስቄው አላውቅም።

አንድ ዘመን መጣና የውጭው ሰው ቁርሱን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ሄደ። ሥራው ቆመ። የጽጌ አባት በሳል ሞተ፤ እናቴም በዚያው ዓመት ዐረፈች። ታናናሾቼን የሚያይ ስለጠፋ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ቀረሁ። ጽጌ ቀጠለች። ስድስተኛ ክፍል ሳለን በሒሳብ እኔ እበልጣት እንደ ነበር ማንም አያስታውስም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እሷ ናዝሬት ዘመዶቿ ቤት ተቀምጣ አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ እኔ ውሃ በአህያ እጭን ነበር። ዋሻው ውስጥ የሌሊት ወፍ ገባበት።

ከዚያ ነው የሳይንስ ሰዎቹ በላንድሮቨር የመጡት። አለቃቸው ቀጭን ሰው ነበር፤ በዚያ ሐሩር ኮቱን አያወልቅም፤ ዶክተር ነው የምንለው። ኮረብታውን ዞረው ዞረው አባቴን አስጠሩት። ዶክተሩ፣ «ጋሼ ደስታ፣ ይህ ዋሻ ይቆማል ይላሉ?» አለው። አባቴ መዶሻውን ይዞ ገባና እስከ መጨረሻው ግድግዳውን እየመታ እያዳመጠ ሄዶ ተመለሰ። «አንዳንዱ ይዘፍናል፤ አንዳንዱ ያለቅሳል። የሚያለቅሰውን ደግፉት፤ የሚዘፍነውን አትንኩት» አላቸው። ዶክተሩ ይህን ደብተሩ ላይ ጻፈው። ማንም ሰው አባቴ የተናገረውን ሲጽፍ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሥራው አንድ ዓመት ሙሉ ፈጀ። የሌሊት ወፎቹ በጭስ ወጡ፤ ኩሳቸው በጆንያ ተጠርጎ ሲወጣ የመልካሳ ሽንኩርት ገበሬዎች ሰርግ የተጠሩ ያህል ደስ ብሏቸው ጫኑት። የበሰበሰው ባሕር ዛፍ ወጥቶ በሲሚንቶ ምሰሶ ተተካ፤ ግድግዳው በኖራ ተቀባ። ሦስት በር ተሠራ፤ እያንዳንዱ እጥፍ ሆኖ መሐሉ ሰጋቱራ ተጠቀጠቀበት። የአየር መግቢያውን አፍንጫ አባቴ ራሱ በሳንቃና ጭድ በሞላው ጆንያ ደፈነው። በመጨረሻ ወደ ውስጥ ለሚገባው መሣሪያ አንድ ረጅም የመስተዋት ዘንግ መጣ፤ ዶክተሩ ከአዲስ አበባ ጀምሮ መኪናው ውስጥ ፍራሽ ላይ አስተኝቶ፣ አንዱን ጫፍ እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው ያመጣው። ያን ቀን ሁላችንንም ሰበሰበና ከኮቱ ሥር የሹራቡን ጫፍ ይዞ በሁለት እጁ ጎተተ። «ይህ የእኛ ስምጥ ሸለቆ እንዲህ ቀስ እያለ እየሰፋ ነው። ጥፍር ከሚያድገው እንኳን በጣም ባነሰ። ይህ ዘንግ ያንን ይለካልናል» አለ። ዘበኛችን ኦቦ ቱሉ እጁን አወጣ። «ዶክተር፣ መሬቱ ከሰፋ ለገበሬው ትርፉ ይደርሰዋል?» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ደግሞ ማን እንዳለ ዞር ዞር ብሎ አየ። ዘመኑ እንደዚያ ነበር።

ዘንጉ ከመምጣቱ ቀደም ብሎ ሰው ሲቀጠር ጽጌ መዝጋቢ ሆነች፤ እኔ ሻይ አፍይ። እሷ ነጭ ጋውን ተሰጣት፤ እኔ ሰማያዊ ሽርጥ። አፍሮዋን በረጃጅም ጥርስ ማበጠሪያ አጎፍራ ጋውኑን ስትለብስ አውቶቡስ ውስጥ በሥዕል የምትለጠፍ ሴት ትመስላለች። ሥራዋ፣ ከዋሻው ደጅ ባለችው ክፍል ከበሮ በመሰለ ነገር ላይ የሚጠመጠመውን ወረቀት በየቀኑ መለወጥ ነው። ውስጥ ያለው ዘንግ ትንሽ በተሳበ ቁጥር እዚህ ብዕሩ ይነቃነቃል። ውስጠኛው ክፍል ማንም አይገባም፤ ቁልፉም በእሷ እጅ ብቻ ነው፤ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ገብታ በቶሎ ትወጣለች። ለምን እንደማይገባ ለእኔ የነገረኝ የለም። ዕቃው እንዳይነካ ነው ብዬ አስብ ነበር።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ጋውኑ አይደለም። አባቴ ነው። የመሣሪያው ዘንግ ከመምጣቱ በፊት ጽጌን ጨለማ ውስጥ መሄድ ያስተማራት እሱ ነው። «በመዳፍሽ አትዳብሺ፤ በእጅሽ ጀርባ ሂጂ። መዳፍ ይፈራል፤ ጀርባ አይፈራም» ይላታል። «ጋሽ ደስታ፣ እርስዎ ታዲያ ለምን በጀርባዎ አይሄዱም?» ትለዋለች፤ «አንቺ ቀበጥ!» ብሎ ይስቃል። ድምፃቸው ከዋሻው አፍ ይወጣል፤ እኔ ጀበናም አይደለ፣ ትልቁን የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዤ ደጅ ቆሜያለሁ። አንድ ቀን ደፍሬ፣ «እኔም ልየው» አልኩት። «አንቺ አትገቢም።» «ለምን?» «ሴት አይገባም።» «ጽጌስ?» አባቴ ጢሙን አሻሸ። «ጽጌ አባት የላትም፤ የሚከለክላት የለም» አለና ሄደ። እኔ ይህን መልስ ለብዙ ቀን አኘክሁት። የእሷ አባት ሞቶ የእኔ አባት የእሷ ሆነ፤ እኔ ደግሞ አባት ስላለኝ ታሰርኩ። ያን ጊዜ የገባኝ እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር ያለው ንግግር፣ «ጨው በዛ» እና «ልጆቹ ተኙ?» ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ዶክተሩ ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ጽጌ ናዝሬት የወጣቶች ማኅበር ስብሰባ አላት፤ አባቴ መልካሳ እድር ነው፤ ኦቦ ቱሉ መንገዱን እያየ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ወደ ኮረብታው ጀርባ ወጥቼ የአፍንጫውን ሳንቃ አነሳሁ። አልዋሽም፤ የሄድኩት ለደግ አልነበረም። ትልቅ ጥፋት አላሰብኩም፤ አንድ ነገር ጠመም ላደርግ፣ ጽጌ አንድ ቀን እንድትወቀስ፣ ያን ሳቋን አንድ ቀን እንድትውጠው። ቆፋሪዎቹ በድሮው ጊዜ ግድግዳው ላይ የቆረጡትን መርገጫ እየዳበስኩ ወረድኩ። አፍንጫው የሚያርፈው ከሦስተኛው በር በስተ ውስጥ፣ ከውስጠኛው ክፍል ጥግ ነው። የእጅ ባትሪዬን አበራሁ።

ያየሁትን መጻፍ እችል እንደሆን አላውቅም። ክፍሉ ሁሉ ነጭ ነው፤ ዘንጉ ከዳር እስከ ዳር በአጫጭር የሲሚንቶ ምሰሶዎች ላይ ተጋድሟል፤ ብርሃኑ ሲነካው ከአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ጫፍ እንደ ኮከብ ቆመ። የውሃ ጠብታ የለም፤ ነፋስ የለም፤ የዝንብ ድምፅ የለም። ቀስ በቀስ የራሴ ደም በጆሮዬ ውስጥ ሲሄድ ሰማሁት። እጄን ዘረጋሁ፤ ሳልነካው መለስኩት። ጉድጓዱም አልተቆጣም። ከግድግዳው ሥር ተቀመጥኩና ባትሪውን አጠፋሁ። ታናናሾቼ የማይጠሩኝ፣ ማንቆርቆሪያ የማይፈላበት፣ ሰው የማያየኝ ቦታ በሕይወቴ ያገኘሁት ያን ቀን ነው። «ይኸው፣ አሁን የማን ነው?» አልኩ ጮክ ብዬ። ለጽጌ ነበር ያልኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄድኩ። ከዚያም በሚቀጥለው። ምንም ሳልነካ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ ተቀምጬ፣ ቀሚሴ ላይ የቀረውን ነጭ አፈር አራግፌ እመለሳለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ጽጌ ሻይ ስታዘኝ፣ «ሙሉዬ፣ ስኳሩን ቀነስ» ስትለኝ፣ እኔ በሆዴ «የማታውቂው አለ» እላለሁ። ቅናቴ ግን አልቀነሰም። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጽጌ ከክፍሏ እየሮጠች ወጣች። «ዶክተር! ዶክተር! ኑ እዩ!» ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው። ሻይ ይዤ ገብቼ አየሁ። ቀጭኑ መስመር ሳምንቱን ሙሉ ረጋ ብሎ ሄዶ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ትንሽ ጉብታ ይሠራል፤ እስከ እሁድ ጠዋት ቀስ ብሎ ይወርዳል። ስድስት ሳምንት፣ ስድስት ጉብታ። ዶክተሩ ኮቱን ሲያወልቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ይህን አንቺ ነሽ ያየሽው?» አላት። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ዓይን አላት እኮ፤ እንደ አባቷ» አለ። ሻዩን ከብርጭቆው ውጭ ሳህኑ ላይ ቀዳሁት። ጉብታው እኔ ነኝ፤ እኔ የተቀመጥኩበት ሰዓት ነው። እንዴት እንደሆነ አልገባኝም፤ ግን እኔ ነኝ። የተመሰገነችው ደግሞ እሷ ናት። የገዛ ገላዬ እንኳን ለጽጌ ሠራላት።

ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ ወሬ «የቅዳሜ ጉብታ» ሆነ። ዶክተሩ ምክንያት ይፈልጋል። ከኮረብታው ማዶ ያለው የመስኖ ቦይ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘጋ ይሆን? የውሃው ክብደት ሲቀንስ ምድር ቀና ትል ይሆን? ጽጌ ብስክሌት ተሰጥቷት የቦዩን ውሃ ለቃቂ ልትጠይቅ ወረደች፤ አቧራ ጠግባ ተመለሰች። «እሱ የሚለቀው ጫቱ ሲያልቅበት ነው፤ ቀን የለውም» አለች። ሰው ሳቀ። ኦቦ ቱሉ በበኩሉ፣ «ምድርም እንደ መንግሥት ሠራተኛ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምትሠራው፤ ከዚያ ትንፋሿን ታወጣለች» አለ። እኔ መቅረት ነበረብኝ። አልቀረሁም። የጽጌን ጉብታ የምሠራው እኔ መሆኔ ውስጤን ያበግነዋል፤ ግን ደግሞ ካልሄድኩ ምንም አይኖረኝም። ብዙም ሳይቆይ ጽጌ ለሁለት ዓመት ትምህርት ወደ ውጭ አገር እንድትላክ ዶክተሩ ደብዳቤ ጻፈላት። ገና መልሱ ሳይመጣ ናዝሬት ወርዳ ወፍራም ካፖርት አሰፋች። በዚያ ሙቀት፣ ከለበሰችው በኋላ ላብ በግንባሯ እየወረደ፣ «ጋሽ ደስታ፣ እንዴት ነኝ?» ትላለች። «ጅብ የተሸከመው ድንኳን» ይላታል አባቴ፣ እየሳቀ፣ ዓይኑ ውስጥ ግን እንባ ነበረበት። ለእኔ አልቅሶ አያውቅም ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ታናሽ ወንድሜ ወባ ይዞት ሳልሄድ ቀረሁ። በዚያ ሳምንት ጉብታ አልነበረም። ዶክተሩ ያን ወረቀት ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየና ጽጌን ጠራት። እኔ መስኮቱ ሥር ብርጭቆ አጥብ ነበር፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ። «ምድር ቅዳሜን አታውቅም» አላት፤ ድምፁ ዝግ ያለ ነው። «ይህ የሰው ሙቀት ነው። ሰው ምድጃ ነው ብዬሽ አልነበረም? አንድ ሰው ሁለት ሰዓት ከተቀመጠ ክፍሉ ይሞቃል፤ ክፍሉ ሲሞቅ ዘንጉ ይረዝማል። ቁልፉ ያለው በአንቺ እጅ ነው። ቅዳሜ ከማን ጋር ነው የምትገቢው?» ጽጌ መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። ከዚያ ጮኸች፤ ማለች፤ የእናቷን ስም ጠራች። ዶክተሩ የስንት ወር ሥራው ባዶ ሆኖበታልና አልሰማትም። «ደብዳቤውን እስባለሁ። ከሰኞ ጀምሮም ሌላ ሥራ ፈልጊ።» በአንድ ቀን ውስጥ ጽጌ ከሾፌሩ ጋር ነው የምትገባው የሚለው ወሬ መልካሳ ደረሰ።

እውነቱን ልጻፍ ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ስለዚህ ይህንንም እጽፋለሁ። ብርጭቆዎቹን ሳጥብ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። የጥጋብ የመሰለ ደስታ። ግን ብዙ አልቆየም፤ ጽጌ ጋውኗን አውልቃ ምስማር ላይ ስትሰቅለው፣ እንዳይጨማደድ ትከሻውን አስተካክላ ስትሰቅለው አየኋት። «ሙሉዬ፣ አንቺ ታምኚኛለሽ አይደል?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ሲመሽ እራት አቀረብኩ። ታናናሾቼ ስለ ጽጌ ያወራሉ። አባቴ ጎረሰ፤ ጎረሰ፤ «ጨው በዛ» አላለም። ነገ እናገራለሁ ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ እሁድ ነው፤ ዶክተሩ ወደ አዲስ አበባ ሳይሄድ ቀርቶ ነበር። አባቴ ከቅዳሴ መልስ ያችን ለበዓል የሚለብሳትን ኮት እንደ ለበሰ ቢሮው ገባ። እኔ ሻይ ይዤ ተከተልኩት፤ ምን እንደሚል አላወቅሁም። ጽጌ ዕቃዋን ልትወስድ መጥታ በር ላይ ቆማለች። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀና፣ «ዶክተር፣ ልጅቷን ልቀቋት። የምገባው እኔ ነኝ» አለ።

ዶክተሩ ከወንበሩ ተነሣ። «እርስዎ? በየት በኩል?»

«በአፍንጫው። የደፈንኩት እኔ፣ የምከፍተውም እኔ።»

«ለምን ጋሼ ደስታ? ለምን?»

«ናፈቀኝ። ሠላሳ ዓመት የዋልኩበት ቤት ነው፤ በር ገጥሜ ቁልፉን ለሰው ሰጠሁ። ናፈቀኝ።»

«መሣሪያውን ነክተዋል?»

«አላየሁትም እንኳን። መብራት አላበራሁም። ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ እመለሳለሁ።»

ማንቆርቆሪያው እጄ ላይ ነው። አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር እያልኩ የዶክተሩን ብርጭቆ ሞላሁ። ጽጌ ወደ አባቴ ሄደች፤ ልትስመው ነው ብዬ ነበር። «ሁለት ቀን ስሜ ሲጠፋ እያዩ ዝም አሉ? እርስዎ ብሎ አባት?» አለችው፤ ፊቷን አዙራ ወጣች። አባቴ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቀረ። እኔን አላየኝም። አንድ ጊዜ እንኳን ወደ እኔ ዞር አላለም።

አፍንጫው በሲሚንቶ ተደፈነ። አባቴ ኮረብታው ላይ እንዳይወጣ ተከለከለ፤ ኦቦ ቱሉ ትእዛዙን ሲነግረው አንገቱን ደፍቶ ነበር። የጽጌ ደብዳቤ ጸናላት፤ ካፖርቷን ይዛ ወደ ውጭ ሄደች፤ ወደ አውቶቡሱ ስትወጣ አባቴ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር፤ አልተሰናበተችውም። እሱ ናዝሬት አንድ የእህል ወፍጮ ቤት ጥበቃ ሆነ፤ ነጭ ዱቄት ለብሶ ሲገባ ሳየው የድሮው ይመስለኝ ነበር። እኔ ሻይ ማፍላቱን ቀጠልኩ፤ በኋላ አግብቼ ወጣሁ፤ የሳይንስ ሰዎቹም አንድ ዘመን ሲያልፍ መሣሪያቸውን ጭነው ሄዱ። ዛሬ ወደ አሰላ የሚሄድ መኪና መስኮት ላይ ተቀምጬ ሳልፍ ኮረብታው ይታያል፤ በሩ ተዘግቶ ፊቱ ላይ ቁልቋል በቅሏል።

በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አባቴና እኔ ስለዚያ ነገር አንድ ቀን አልተነጋገርንም። እኔ የገባኝ እንዲህ ነበር፦ አባቴ ለጽጌ ሲል ራሱን ጣለ። የማንን ጥፋት እንደ ተሸከመ ሳያውቅ፣ ጽጌ ብቻ እንዳትወድቅ ብሎ ዋሸ። ለእኔ ቢሆን ያደርገው ነበር ወይ? ይህን እያሰብኩ ልብሱን አጥብለታለሁ፤ ይህን እያሰብኩ ወጡን አቀርብለታለሁ። ጽጌ ከውጭ የላከችው አንድ የሥዕል ካርድ ለዶክተሩ መጥቶ፣ ኦቦ ቱሉ ቤታችን ድረስ አምጥቶት፣ አባቴ የበረዶውን ሥዕል ደጋግሞ ሲያገላብጥ ባየሁ ጊዜ ውስጤ ነደደ። ሰው ለሠራው በደል ይጸጸታል ይላሉ፤ እኔ ግን በበደልኳት ሴት ላይ መቅናቴን አልተውኩም ነበር።

አባቴ የሞተው የዚያ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው፤ የድሮው ነጭ አፈር ሳንባው ላይ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት እኔ ቤት አመጣሁት። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ልጆቹን ወደ ደጅ አስወጣኋቸው፤ ትራሱን ከፍ አድርጌ አጥሚት በማንኪያ እሰጠዋለሁ። እጄን ያዘው። መዳፉ ልክ እንደ ድንጋይ ነው። ሊስቅ የፈለገ ይመስላል፤ እኔን እንዲያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ሳይናገር በማግስቱ ጠዋት ዐረፈ፤ ያለኝ ግን ይህንን ነው፦

«ሙሌ፣ ያ ዘንግ ከገባ ወዲህ እኔ ውስጡን አላየሁትም። አንቺ ነሽ ያየሽው። እስቲ ንገሪኝ፤ ምን ይመስላል?»